ያልተሻረው አንቀጽ

ሙሉ ረመዳን መጾም የጀመርኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። እንደኔ ያለ ጾመኛ ግን ለጠላትም አይስጥ። ራበኝ ማለት ክብሬን የሚነካ ስለሚመስለኝ ራበኝ አልልም፤ ግን ሰው ሁሉ መራቤን እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። መንገድ ላይ አንዷ ጎረቤት "አንቺ ትንሽ፣ ጾመሻል እንዴ?" ስትለኝ ዓይኔን ሰበር አድርጌ፣ እንደ አሮጊት ተንፍሼ፣ "አልሐምዱሊላህ" እላለሁ። እነሱ "ውይ፣ ታድለሽ!" ይሉኛል። ያቺ "ታድለሽ" ከምሳ ትበልጥብኝ ነበር።

እናቴ እኔን ስትወልድ ስለሞተች ያሳደገችኝ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። "እትዬ" እላታለሁ። እሷ ደግሞ ከሲታ ስለነበርኩ "ክርዬ" ትለኛለች። ቤታችን ውስጥ እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን። የፊተኛው ክፍል የሥራ ክፍል ነው። በመስኮቱ በኩል አባቴ መጽሐፍ ይጠርዛል፤ በግድግዳው በኩል እትዬ በእግር በሚረገጠው የስፌት መኪናዋ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ሙጫና የጋለ ካውያ ይሸታል። ሁለቱም የሚኖሩት በክርና በመርፌ ስለሆነ ጭቅጭቃቸውም የክርና የመርፌ ነው።

"ጋሼ፣ መቀሴን አንተ ነህ የወሰድከው?"

"የጨርቅ መቀስ ለኔ ምኔ ነው?"

"ታዲያ ጫፉ ላይ ያለው ሙጫ ከሰማይ ወረደ?"

አባቴ መልስ ሲያጣ ይስቃል። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚነቃነቀው።

በዚያ ዓመት እትዬ ታጭታ ነበር። እጮኛዋ የዳቦ ቤቱን መኪና የሚነዳው ሹፌር ነው፤ ዳቦ ቤቱ የእናቱ ነው። ሰርጉ ከረመዳን በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል። እትዬ ዩኒፎርሙን ስትጨርስ ከመደርደሪያው ላይ ነጭ ጨርቅ ታወርድና ቀስ ብላ፣ እንደሚነቃ ሕፃን እየዳሰሰች፣ ለራሷ ትሰፋለች። እሷ ስታገባ የት እንደምተኛ፣ ጸጉሬን ማን እንደሚጎነጉነኝ የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ያን ነጭ ጨርቅ ግን አልወደውም ነበር።

ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወጣቱ ኡስታዝ ወደ ቤታችን መጣ። ውጭ ተምሮ የተመለሰ ነው፤ ሰዎች ስለሱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ገሚሱ በአክብሮት፣ ገሚሱ በጥርጣሬ። የሚጠረዝ መጽሐፍ ያመጣ መስሎኝ ነበር፤ ይዞ የመጣው ግን የሚነበብ ነው። እኔ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ የወደቁ መርፌዎችን በማግኔት እለቅማለሁ። እግሮቻቸውን ብቻ ነው የማየው። የእትዬ እግር የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ነው፤ አይረግጥም።

"የመስጊዱ ሼኽ ይህ የጾም አንቀጽ ተሽሯል ይላሉ" አለ አባቴ።

"በሌላ አንቀጽ ተተክቶ ተሽሯል የሚሉ አሉ" አለ ኡስታዙ። "አልተሻረም ያሉም ከጥንት ጀምሮ አሉ። ለጤነኛው ተሽሯል፤ እሱ መጾም አለበት። ግን ዕድሜ ልኩን የሚከብደውስ ሰው? ቀዷ ያውጣ፣ ሌላ ቀን ይተካ እንዳንለው፣ ሌላ ቀን የለውም። ያኔ ሊቃውንቱ በዓይናቸው አይተው ሽማግሌ ነው፣ ደካማ ነው ይሉ ነበር። ዛሬ ደግሞ ዓይን የማያየውን ሐኪም ያያል። ሐኪሙ 'ይህ ሰው ቢራብ ይጎዳል' ካለ፣ እኔ ማነኝና ነው ጹም የምለው?"

"ታዲያ ምን ያደርጋል?"

"በጾሙ ፈንታ በየቀኑ አንድ ችግረኛ ያበላል። ፊድያ ይባላል። ፈጣሪ እኮ ያዘዘን ሊያቀልልን እንጂ ሊሰብረን አይደለም።"

እትዬ በቀጭን ድምፅ፦ "ሰው ቢያይስ?" አለች።

"በሩን እኔ እይዘዋለሁ" አለ አባቴ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት "ተሽሯል፣ አልተሻረም" የምትለዋን ብቻ ነው። እኔ የማውቀው መሻር ሁለት ነው፤ ቁስል ይሽራል፣ ጾም ይሻራል። ስለ ቁስል የሚያወሩ ከሆነ የኔ ጉልበት ድኗል። ስለዚህ የሆነ ሰው ጾም ሽሯል ማለት ነው፤ ትልልቆቹም እየተከራከሩበት ነው። ማን ይሆን ብዬ ሰፈሩን በሙሉ በጣቴ ቆጠርኩ። እትዬን አልቆጠርኳትም።

ዛሬ ያንን አንቀጽ በቃሌ አውቀዋለሁ። የተጻፈበትን ገጽ፣ የገጹን ኅዳግ፣ አባቴ በእርሳስ በስሱ ያሰመረባትን አንዲት ቃል ሳይቀር አውቃለሁ። ያኔ ግን ከጠረጴዛ ሥር ነበርኩ።

ረመዳን ገባ። አባቴ አንድ ሥራ ሰጠኝ፤ በየቀኑ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ክዳን ያለው ሳህን ይዤ ከመንገዱ ማዶ ላለው ሽማግሌ ማድረስ። የትምህርት ቤት ዘበኛ የነበረ ሰው ነው፤ ግማሽ ሰውነቱ አይታዘዝለትም፣ ዘመድም የለው። ሳህኑን በደህናው እጁ ተቀብሎ ሁልጊዜ "አላህ ይቀበላት" ይለኛል። "ይቀበላት" ይላል፣ ሴት አድርጎ። የላከው አባቴ ነው እንጂ ሴት አይደለም። ጃጅቷል ብዬ አልፌዋለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን መምህራችን ስለቀረ ከትምህርት ቤት በጊዜ ተለቀቅን። የፊት በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። በጓሮ ዞሬ ገባሁ። ጨርቅ የሚቀመጥበት ትንሽ ክፍል መጋረጃ አለው፤ ከመጋረጃው ጀርባ የሰው ጉሮሮ ሲውጥ ሰማሁ። የተጠማ ሰው የሌላውን ጉሮሮ እንዴት አጥርቶ እንደሚሰማ የጾመ ያውቀዋል። መጋረጃውን በአንድ ጣቴ ገለጥኩት።

እትዬ በተጠቀለሉት ጨርቆች ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ቁራሽ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ። ፈጥና ፈጥና ትበላለች። ከዚያ ነጭ ክብ ነገር ምላሷ ላይ አደረገችና ውሃ ጠጣችበት። ከረሜላ! ዓይኗን ጨፈነች። ጣፍጧት ነው አልኩ። ከፊተኛው ክፍል የአባቴ ድምፅ፦ "ብይ፣ አትቸኩዪ፤ በሩን ይዣለሁ" ሲል ሰማሁት።

ዓይኗን የጨፈነችው ስለጣፈጣት እንዳልነበረ ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ሰው እያለቀሰም ይውጣል።

እንደገባሁት ወጣሁ። አታታልዪ፣ አትዋሺ፣ ብቻሽን ብትሆኚም አላህ ያይሻል ያለችኝ እሷ ናት። መንገዱ ጥግ ያለው ቧንቧ ጋ ደረስኩ። ግራ ቀኝ አየሁ። አፌን ከቧንቧው ሥር ደቅኜ እስኪበቃኝ ጠጣሁ።

ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። ጠጥቻለሁ። ጠጥቼ ስጨርስ በእጄ ጀርባ ከንፈሬን አደረቅኩና "ጾመሻል?" ለሚለኝ ሁሉ "አልሐምዱሊላህ" ማለቴን ቀጠልኩ።

ቁርኣን የምንቀራው መስጊዱ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ሃያ የምንሆን ልጆች በምንጣፍ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ሼኹ የዋህ ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸው አንድ ጆሮ የለውም፣ በክር አስረውታል። ከሦስት ቀን በኋላ "እስከ ዛሬ አንድም ቀን ያላፈረሰ ማነው?" ብለው ጠየቁ። ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ።

"ሼኽ፣ ውሸቷን ነው" አለች አንዲት ልጅ። የባለዳቦ ቤቷ ትንሿ ልጅ ናት፣ የእትዬ እጮኛ እህት። ፊቷ ነጠብጣብ ስላለበት ነቁጤ እንላታለን። "ቧንቧ ጋ ስትጠጣ አይቻታለሁ፤ በዓይኔ በብረቱ!"

ሃያ ራስ ወደኔ ዞረ። ጆሮዬ ጋለ። እውነት ስለነበረ ነው የጋለው።

"እኔ አይደለሁም!" ብዬ ጮህኩ። "የምትበላው እትዬ ናት!"

ሼኹ "ምን አልሽ ልጄ?" አሉ፤ ምናልባት ልመልሰው ጊዜ ሊሰጡኝ። መመለስ እችል ነበር። ግን ሁሉም አፋቸውን ከፍተው እኔን ነው የሚያዩት፣ ቧንቧውን ሁሉም ረስቶታል።

"በየቀኑ ትበላለች። እንቁላል ትበላለች። ከረሜላም ትበላለች! አባባ ነው በሩን የሚይዝላት፤ አባባ ነው ብይ የሚላት!"

ልጆቹ ሳቁ። ሳቃቸው ደስ አለኝ። ሼኹ በለሆሳስ "የሰው ገመና ይሸፈናል ልጄ፤ ተቀመጪ" አሉና ወደ ትምህርቱ ተመለሱ። እሳቸው ዳግም አላነሱትም። ሃያ የልጅ አፍ ግን ማን ይሸፍናል?

ሰርጉ እንዲፈርስ ፈልጌ ነበር ወይ? ይህን ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። አንዳንድ ቀን "ልጅ ነበርሽ፣ ደንግጠሽ ነው" እላለሁ። አንዳንድ ቀን ያ ነጭ ጨርቅ ይታየኛል።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ባለዳቦ ቤቷ መጣች። ግዙፍ ሴት ናት፤ እጇ ላይ ዱቄት አይጠፋም። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸችም። እትዬን እጇን ያዘቻት።

"ልጄ፣ የሰማሁት ውሸት ነው በይኝ።"

"ምን ሰማሽ?"

"ረመዳንን በቀን ትበላለች አሉኝ። ሴት በየወሩ የሚያግዳት ነገር እንዳለ እኔም ሴት ነኝ፣ አውቃለሁ። ይሄ ግን በየቀኑ ነው አሉኝ።"

የእትዬ ፊት ጨርቅ መሰለ። "ማነው ያለው?"

"ወሬው ከውጭ አይደለም የመጣው፤ ከቤታችሁ ነው የወጣው።" ባለዳቦ ቤቷ ወደ አባቴ ተመለከተች። "ወንድምሽ ነው ያለው አሉ።"

ነቁጤ ቤቷ ስትደርስ "አባቷ ነው ያላት" ብላ ይሆናል፤ "ብይ" የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ወድቃ ቀርታለች። እኔ በጓሮው በር ላይ ቆሜያለሁ። አባቴ መርፌውን በግማሽ የተሰፋ መጽሐፍ ውስጥ እንደሰካ ቀና አለና እኔን አየኝ። ፊቴ ላይ ያነበበውን አላውቅም፤ ብዙ እንዳልፈጀበት ግን አውቃለሁ።

"ጋሼ?" አለች እትዬ።

"እኔ ነኝ" አለ አባቴ። "አፌን አዳልጦኝ ነው።"

አባቴ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያውም በጾም አፉ።

እትዬ ጀርባዋን ሰጠችው። ወደ ባለዳቦ ቤቷ ዞራ፣ "ውሸት ነው። እጾማለሁ" አለች። ያልተናገረችው ነገር ነበር፤ ብትናገረው ከጾም ሻሪነት የባሰ የሚመስላት። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባት። ነጩ ክብ ነገር መድኃኒቷ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሳይዛነፍ፣ ከምግብ ጋር። እስካልተዛነፈ ድረስ አይጥላትም። ለዚህ ነው እኔ እንኳ አብሬያት እየኖርኩ ሲጥላት አንድም ቀን ያላየሁት። የሚያውቁት ሐኪሟ፣ አባቴና ወጣቱ ኡስታዝ ብቻ ነበሩ። ሹፌሩም አያውቅም፤ ከሰርጉ በፊት ራሷ ልትነግረው ቀን እየመረጠች ነበር። በየቀኑ በክዳን የምወስደውም ሳህን የእሷ ጾም ነበር። ሽማግሌው ዘበኛ አልጃጀም።

ከማግስቱ ጀምሮ የቀኑን መድኃኒት ተወችው። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ለመናት።

"እህት ዓለም፣ አንቀጹን አብረን አነበብነው እኮ።"

"አንተ አትምከረኝ" አለችው። "የነገርኩት ለአንድ ወንድሜ ብቻ ነበር።"

እኔ እዚያው ነበርኩ። መርፌ እየለቀምኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ እትዬ ቆማ ዩኒፎርም ትተኩሳለች። እኔ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። እንግዳ ድምፅ አወጣች፤ የምትጠራኝ መስሎኝ ቀና አልኩ። እንደ ተቆረጠ ዛፍ ሳይሆን እንደ ተፈታ ነገር ነው የወደቀችው፣ ቁልቁል ተጣጥፋ። ካውያው አብሯት ወረደ። ተረከዟ ወለሉን ይደበድባል። ዓይኗ ነጭ ብቻ ነው። እጇ ከካውያው ሥር ነበር፤ እጁ የሚቃጠል ሰው እጁን ይስባል፣ እሷ ግን አልሳበችም። ያንን ሽታ አልገልጸውም።

አባቴ ከወንበሩ ሲነሳ የሙጫው ጣሳ ተደፋ። ካውያውን በባዶ እግሩ መትቶ አራቀው፤ ራሷን ጭኑ ላይ አድርጎ በጎኗ አስተኛት። "አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ" ይላታል። በሩ ክፍት ነበር። ሰው ተሰበሰበ። ምስጢሯ ያን ቀን ራሱ ተናገረ።

ሐኪም ቤት ሹፌሩ አንድ ቀን መጣ። ዳቦ በከረጢት ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "እናቴ..." ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ጥሩ ሰው ነበር፤ ግን የሚጨርስ ሰው አልነበረም። ተነስቶ ሄደ፤ ዳቦውን ትቶ። ሰርጉም በዚያው ቀረ።

ቁስሉ በሁለት ወር ሻረ። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ግን ወደ መዳፏ ታጥፈው ቀሩ። መርፌ መያዝ ስላልቻለች ለሌሎች ሰፊዎች ጨርቅ በግራ እጇ መቁረጥ ተማረች። ከእኛ ቤት ወጥታ አንዲት ክፍል ተከራየች። መድኃኒቷን ዳግም አላቋረጠችም፤ በየረመዳኑም በጾሟ ፈንታ አንድ ሰው ታበላለች። ወንድሟን ግን አታነጋግረውም። መንገድ ላይ ብታገኘው መሻገሪያ ትፈልጋለች።

እኔ በየሳምንቱ እሷ ጋ እሄድ ነበር። የሠራችውን እበላለሁ፤ ጸጉሬን በስምንት ጣቷ ትጎነጉነኛለች። እየጎነጎነች፦ "ባዳ ቢሆን አይከፋኝም ክርዬ። ሥጋዬ ነው እኮ" ትላለች። እኔ ራሴን እንደደፋሁ እቀመጣለሁ። ጸጉሯን የምትጎነጎን ልጅ ፊቷ አይታይም።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ አባቴን ጠየቅኩት። "ለምን አልነገርካትም?"

ጠርዞ የጨረሰውን መጽሐፍ በመዳፉ ዳሰሰ። "ወንድም ብታጣ ትችለዋለች" አለኝ። "ካንቺ ሌላ ልጅ ግን የላትም። አንቺም ከእሷ ሌላ እናት የለሽም። በእኔ ይለፍ ብዬ ነው።"

"እኔ ልንገራት?"

"ስትችዪ" አለኝ።

ስምንት ዓመት ሙሉ አልቻልኩም።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ላይ አባቴ ሳንባው ታመመ። ሐኪሙ ብዙ ቀን እንደማይቆይ ሲነግረኝ ወደ እትዬ ሮጥኩ። በሯ ላይ ቆሜ "አባባ ታሟል፤ በጣም" አልኳት። መቀሱን በግራ እጇ ይዛለች። ፊቷ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። "አላህ ይማረው" አለችና ወደ ጨርቋ ተመለሰች። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ" ማለት አራት ቃል ነው። ብናገር መቀሱን ጥላ በባዶ እግሯ እንደምትሮጥ አውቅ ነበር። ነገር ግን እንዴት እንደምታየኝ ፈራሁ። "እሺ እትዬ" ብዬ ተመለስኩ።

በሁለተኛው ቀን ሞተ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ወደ በሩ ያይ ነበር።

ለቅሶው ላይ መጣች። ከሴቶቹ መሀል ጥግ ይዛ ተቀመጠች፤ አላለቀሰችም። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲሳሳ ወደ ክፍሏ ተከትያት ሄድኩና በሩን ዘግቼ ሁሉንም ነገርኳት። ሼኹ የጠየቁትን፣ ነቁጤ ያለችውን፣ እኔ የመለስኩትን። ስለ ቧንቧው ግን አልነገርኳትም።

"ያውቅ ነበር?" አለች።

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ባለዳቦ ቤቷ ከመጣችበት ቀን።"

ከሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ቁራጭ ጨርቆችን አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረች፤ አጠፈቻቸው፣ ዘረጋቻቸው፣ ደግሞ አጠፈቻቸው። ጉልበቷ ሥር ወድቄ "አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እትዬ" አልኳት።

"አንቺንማ አውፍ ብያለሁ" አለች። "ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፤ እንዴት አልልም? እኔ እሱን አውፍ በለኝ ለማለት የት ነው የምሄደው?"

ሻሿን አነሳች፤ በታጠፉት ጣቶቿ ልታስረው ስትሞክር አመለጣት። ልረዳት እጄን ስዘረጋ "ተይው" አለችኝና ራሷ አሰረችው። "ያለበትን አሳዪኝ።"

መቃብሩ ድረስ ቀድሜያት ሄድኩ። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። እሷ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠችና "ጋሼ" አለች። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ወደ መካነ መቃብሩ በር ተመልሼ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ቆምኩ።